የፊዚክስ ጥያቄዎቻችሁ፦ ጨረር ሰው ውስጥ ይቀራል ወይ?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አተምና ስለ ጨረር ናቸው። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ፈተና እየደረሰ ነው፣ ተማሪው ኒውክለር ፊዚክስ ላይ ደርሶ ነገሩ አልገባ ብሎታል። የገረመኝ ግን ከተማሪው እኩል ወላጆችም መጻፋቸው ነው። ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል አጠያየቃቸው አንድ ነው፣ «ጨረር አለው ወይ?» ይላሉ። በዚህ ብቻ ማንም ምንም ሊመልስላችሁ አይችልም፣ እኔም አልችልም። የምን ጨረር? ምን ያህል? ምንጩ ከሰውነት ውጪ ነው ወይስ ውስጥ ገብቷል? እነዚህ ካልተጠየቁ ሙዙም ቦምቡም አንድ ሆኖ ይቀራል። በሉ እንጀምር፣ አንዳንዱን ረዘም አድርጌ ነው የምመልሰው፣ አንዳንዱን ደግሞ እንዲሁ ነካ አድርጌ አልፋለሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር ሰላም ነው? የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አተም አብዛኛው ባዶ ነው ተብለናል፣ ታዲያ ባዶ ከሆነ እጄ ለምን ዴስኩን ሰንጥቆ አያልፍም? ደግሞ መጽሐፍ ላይ ኤሌክትሮኖቹ ልክ እንደ ፕላኔት ሲዞሩ ነው የተሳሉት፣ ትክክል ነው? ፕሊስ መልስልኝ፣ ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረን ተኮራርፈናል። (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ መጀመሪያ ታረቁ። ከዚያ «ባዶ ነው» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ እንይ። በ1909 ማንቸስተር፣ የፊዚክስ ሊቁ ራዘርፎርድ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን የሚባሉ ሁለት ሰዎች (ማርስደን ያኔ ገና የ20 ዓመት ተማሪ ነው፣ ልብ በል) በጣም ስስ የሆነ የወርቅ ቅጠል ላይ አልፋ ፓርቲክል (ከጨረር ዓይነቶች አንዱ፣ ከባድና ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ይለቁበታል። ካሜራ የለ፣ ኮምፒውተር የለ። ያላቸው ዚንክ ሰልፋይድ የተቀባ ትንሽዬ ስክሪን ነው፣ አልፋ ሲመታው ብልጭ ይላል፣ እነሱም ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ቁጭ ብለው ይጠብቁና ብልጭታውን በማይክሮስኮፕ እያዩ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት እያሉ ይቆጥራሉ። በዓይን! አብዛኛው አልፋ ወርቁ ጭራሽ እንደሌለ ሁሉ ቀጥ ብሎ አለፈ፣ ከብዙ ሺህ አንዱ ግን ወደ መጣበት ተመለሰ።

ራዘርፎርድ ነገሩን ሲያብሰለስል ቆይቶ በ1911 መልሱን አወጣ። ፖዘቲቭ ቻርጁ በሙሉ፣ ማሱ ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ፣ መሃል ላይ እጅግ ትንሽ ቦታ ውስጥ ታጭቋል። ኒውክሊየስ ያልነው ይሄንን ነው። አተሙ በስፋት ከኒውክሊየሱ ከ10 ሺህ እስከ 100 ሺህ ጊዜ ይበልጣል፣ እንደ አተሙ ዓይነት። ፈተና ላይ የሚመጣው «አብዛኛው ማለፉ ምን ያሳያል፣ ጥቂቱ መመለሱስ ምን ያሳያል» እየተባለ ነው፣ ሁለቱን አታደባልቅ። ማለፉ ቦታው ሰፊ መሆኑን ነው፣ መመለሱ ደግሞ መሃሉ ላይ ከባድና ፖዘቲቭ የሆነ ነገር መኖሩን ነው።

አሁን ወደ ዴስኩ። «ባዶ» ሲባል ምንም የለም ማለት አይደለም፣ ኤሌክትሮኖቹና የኤሌክትሪክ ፊልዳቸው ያንን ቦታ በሙሉ ይዘውታል። አልፋ የሚያልፈው ከኤሌክትሮን ከ7 ሺህ ጊዜ በላይ ስለሚከብድና በጣም ፈጣን ስለሆነ ነው፣ ኤሌክትሮኖቹን ገፍትሮ ይሄዳል። ያንተ እጅ ግን እያንዳንዱ አተም የራሱን ኤሌክትሮኖች ይዞ ነው የሚመጣው፣ የዴስኩም እንደዚያው፣ እና ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ፣ በዚያ ላይ ፓውሊ የሚባለው ሰውዬ ያገኘው ህግ አለ፣ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ስቴት ላይ አብረው መቀመጥ አይችሉም። እጅህን የሚያቆመው ይሄ ነው። ስለዚህ አንተም ጓደኛህም ልክ ናችሁ፣ ሰፊ ነው፣ ግን አያሳልፍም።

ፕላኔቱ ነገር ግን ስዕል ነው። ቻርጅ ያለው ነገር እየዞረ ከሆነ ብርሃን እየረጨ ኢነርጂ ያጣል፣ በዚያ ሂሳብ ኤሌክትሮኑ ከሴኮንድ ሽርፍራፊ ባነሰ ጊዜ ኒውክሊየሱ ላይ መውደቅ ነበረበት፣ እኔና አንተም አንኖርም ነበር። ቦር በ1913 «በተወሰኑ ምህዋሮች ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ እዚያ ሲሆን አይረጭም» ብሎ አዳነው፣ ለሃይድሮጅን ግሩም ሆኖ ሰራ፣ ለሌሎቹ ግን አንገዳገደ። በ1920ዎቹ ኳንተም መካኒክስ ሲመጣ ምህዋር የሚባለው ነገር ቀርቶ ኤሌክትሮኑ የት ጋ የመገኘት ዕድሉ ስንት እንደሆነ የሚናገር ደመና ተተካ። ለፈተና ግን 2፣ 8፣ 18 የምትለዋን፣ በየሼሉ የሚገባውን የኤሌክትሮን ብዛት፣ አትርሳ።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ካዛንቺስ አካባቢ ነው የምኖረው። ትልቁ ልጄ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ፣ ሲቲ ስካን ታዘዘለት፣ ደረቱንም ኤክስሬይ ተነሳ። ሐኪሙ ደህና ነው ብሎናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ጎረቤቴ ጨረሩ ሰውነቱ ውስጥ ስለሚቆይ ለተወሰነ ቀን ከህፃኗ እህቱ ጋር አታስተኚው አለችኝ፣ ወተት ከጠጣ ያወጣለታል የሚሉም አሉ። ልጁን ለብቻው እያስተኛሁት ነው፣ እሱም እያለቀሰ ነው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ልጅዎን ማረልዎት። ዛሬውኑ አብረው ይተኙ። ወተቱንም ይጠጣ፣ ግን ወተት ስለሆነ እንጂ የሚያወጣው ጨረር ስላለ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤክስሬይ ማሽን ውስጥ ኤሌክትሮኖች በከፍተኛ ቮልቴጅ ተወርውረው ብዙ ጊዜ ከተንግስተን የተሰራ ብረት ላይ ይላተማሉ፣ ኤክስሬይ የሚወጣው ያኔ ነው። ማብሪያው ሲጠፋ ኤክስሬዩም በዚያችው ቅጽበት ያበቃል። የተወሰነው የልጁን ሰውነት አልፎ ሄዷል፣ የተወሰነው ሰውነቱ ውስጥ ተውጧል፣ የተዋጠው ደግሞ ኢነርጂውን ሰጥቶ ጠፍቷል። ሲቲ ስካንም ያው ኤክስሬይ ነው፣ ዙሪያውን እየዞረ ብዙ ስለሚያነሳ መጠኑ ከፍ ይላል እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ልጁ ጨረር ተቀብሏል፣ ጨረር አመንጪ ግን አልሆነም። ይሄን ልዩነት የያዘ ሰው ስለ ጨረር ከሚወራው ወሬ ግማሹ አያስደነግጠውም።

ስንት ነው የተቀበለው ካሉኝ፣ መለኪያው ሚሊሲቨርት ይባላል። ማንም ሰው ሆስፒታል በር ሳይረግጥ ከአፈሩ፣ ከአየሩ፣ ከምግቡና ከሰማይ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት አካባቢ ይቀበላል። የደረት ኤክስሬይ 0.1 ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ይሄ ማለት እንዲሁ ቁጭ ብሎ በ15 ቀን የሚያገኘው ነው። የጭንቅላት ሲቲ ወደ 2 ሚሊሲቨርት ይጠጋል፣ የ10 ወር ያህል በሉት። ትንሽ ነው፣ ግን ምንም አይደለም ብዬ አልዋሽዎትም፣ በተለይ ልጅ ላይ ሲሆን ሐኪሞች ያለ ምክንያት ሲቲ ባይታዘዝ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ጭንቅላቱን ለተመታ ልጅ ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ውስጥ ደም መፍሰሱን አለማወቅ ነው የሚያስፈራው። የተነሳውን ፊልም ወይም ሲዲ ያስቀምጡት፣ ሌላ ሐኪም ቤት ሲሄዱ እንደገና አንሱ እንዳይባል።

ጎረቤትዎ ግን ዝም ብላ የፈጠረችው አይመስለኝም። የሆነ ቦታ ሰምታ ይሆናል፣ ምክንያቱም በእርግጥ እንደዚያ የሚባልበት ህክምና አለ። የእንቅርት ችግር ያለበት ሰው፣ ታይሮይዱ ከልክ በላይ የሚሰራ ወይም የታይሮይድ ካንሰር ያለበት፣ አዮዲን-131 የሚባል ጨረር የሚረጭ አዮዲን እንዲውጥ ይደረጋል። ታይሮይድ አዮዲን ስለሚሰበስብ መድኃኒቱ እዚያው ሄዶ ይቀመጣል፣ ከእሱ የሚወጣው ቤታ (ፈጣን ኤሌክትሮን ነው) የታመመውን ቦታ ይመታል፣ ጋማው (እንደ ኤክስሬይ ሰርስሮ የሚያልፈው ጨረር) ደግሞ ከሰውነት ወጥቶ አጠገብ ወዳለ ሰው ይደርሳል። እዚህ ጋ ምንጩ ራሱ ውስጥ ገብቷል። እንደዚህ የታከመ ሰው ለተወሰኑ ቀናት ከህፃንና ከነፍሰ ጡር ይራቅ፣ ለብቻው ይተኛ፣ ሽንት ቤት ሲጠቀም ውሃ ደጋግሞ ይልቀቅ የሚባለው በሽንት ስለሚወጣ ነው። የርስዎ ልጅ ጉዳይ ይሄ አይደለም። የሁለት የተለያዩ ህክምናዎች ምክር ተደባልቆ ነው እርስዎ ጋር የደረሰው።

ጥያቄ፦ የአዮዲን-131 ሃፍ ላይፍ 8 ቀን ነው። ግማሹ በ8 ቀን ካለቀ ሌላው ግማሽ ደግሞ በሌላ 8 ቀን ያልቃል፣ ስለዚህ በ16 ቀን ዜሮ መሆን የለበትም? ክፍል ውስጥ ሩብ ይቀራል ነው የተባልነው፣ ፎርሙላው ገብቶኛል፣ ለምን የሚለው ነው ያልገባኝ። (ተፈታኝ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ፎርሙላው ገብቶኝ ለምኑ አልገባኝም ያልሽው ደስ ብሎኛል፣ ብዙው ሰው ፎርሙላው ከገባው ጉዳዩን ይዘጋዋል።

እኔ ተማሪዎቼን የማሰራቸውን ልንገርሽ። 64 ባለ አንድ ብር ሳንቲም ፈልጊ፣ ታክሲ ረዳት ጋ ዝርዝር አይጠፋም። ፌስታል ውስጥ ከተሽ አንቀጥቅጪና ጠረጴዛ ላይ ድፊው። አንበሳ የወጣውን ሁሉ ለቅመሽ አውጪ፣ እሱ ዲኬይ አድርጓል፣ ማለትም ጨረሩን ረጭቶ ወደ ሌላ ተቀይሯል። ሚዛን የወጣውን መልሰሽ ፌስታሉ ውስጥ ክተቺና እንደገና ድፊ። መጀመሪያ ወደ 32 ይቀርሻል፣ ቀጥሎ ወደ 16፣ ከዚያ 8፣ 4። ልክ 32 አይመጣም፣ 29ም 35ም ሊሆን ይችላል፣ ያ ችግር የለውም፣ እንደውም ዋናው ነገር እዚያ ጋ ነው።

አሁን ጥያቄሽን ሳንቲሙን ጠይቂው። ሁለተኛው ዙር ላይ የቀሩት 32 ሳንቲሞች በሙሉ አንበሳ እንዲወጡ የሚያስገድዳቸው ምንድነው? ምንም። አንደኛው ዙር ላይ ተርፈው መጡ፣ ያንን አያስታውሱም፣ ለእነሱ ሁሌም አዲስ ዙር ነው፣ ሁሌም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የአዮዲን አተምም እንደዚያው ነው፣ አያረጅም። ትናንት ሪአክተር ውስጥ የተሰራ አዮዲን-131 እና ወር የቆየ አዮዲን-131 ዛሬ ዲኬይ የማድረግ ዕድላቸው እኩል ነው። ሰው እንደዚያ ስላልሆነ ነው የሚያደናግረን፣ ሰው 90 ሲሞላው ለሞት ይቀርባል፣ አተም ግን አይቀርብም። አንዷን አተም ለይተሽ መቼ ነው ብትዪ ማንም አይነግርሽም፣ ብዙ ቢሊዮን አንድ ላይ ከሆኑ ግን ግማሹ በ8 ቀን እንደሚያልቅ በጣም በትክክል ይታወቃል።

ፈተና ላይ ደግሞ ወጥመዷ ይቺ ናት። 80 ሚሊግራም ነበር፣ ከ24 ቀን በኋላስ ይላል። ሶስት ሃፍ ላይፍ ነው፣ 40፣ 20፣ 10፣ የቀረው 10። ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ ዲኬይ ያደረገው ስንት ነው ይላል፣ ያ 70 ነው። ምርጫው ላይ ሁለቱም ተቀምጠው ይጠብቁሻል።

ሃፍ ላይፍ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የካንሰር ህመምተኞችን በጨረር ያከመው በኮባልት-60 ማሽን ነው። የኮባልት-60 ሃፍ ላይፍ 5.27 ዓመት ነው። ይሄ ማለት በ5 ዓመት ከምናምን ውስጥ ከማሽኑ የሚወጣው ጋማ በግማሽ ይቀንሳል፣ ለአንድ ህመምተኛ ያንኑ ዶዝ ለመስጠት ጊዜው እጥፍ ይሆናል፣ ወረፋው ላይ ምን እንደሚያመጣ አንቺው አስቢው። ምንጩ በየተወሰነ ዓመቱ ካልተቀየረ ማሽኑ ሳይበላሽ ይደክማል። ሊንየር አክስለሬተር የሚባለው ማሽን ይሄ ጣጣ የለበትም፣ በመብራት ነው የሚሰራው፣ የመብራት ጣጣ ግን አለበት።

ጥያቄ፦ ኒውክሊየስ ውስጥ ያለው ፕሮቶንና ኒውትሮን ብቻ ነው ተባልን። ከዚያ ቤታ ዲኬይ ላይ ኤሌክትሮን ከኒውክሊየስ ይወጣል ተባልን። የሌለ ነገር እንዴት ይወጣል? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ እዚያ ተቀምጦ አልነበረም፣ እዚያው ተሰርቶ ነው የወጣው። አንድ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ይቀየራል፣ በዚያው ቅጽበት አንድ ኤሌክትሮንና አንቲኒውትሪኖ የሚባል ሊያዙት እጅግ የሚያስቸግር ነገር ይፈጠሩና ይወጣሉ። ካርቦን-14ን ውሰድ፣ 6 ፕሮቶን 8 ኒውትሮን አለው፣ ቤታ ሲያደርግ 7 ፕሮቶን 7 ኒውትሮን ይሆናል፣ ናይትሮጅን-14 ማለት ነው። ጠቅላላው 14 አልተለወጠም፣ ስሙ ግን ተለወጠ፣ ምክንያቱም የኤለመንትን ስም የሚወስነው የፕሮቶን ቁጥር ነው። ኒውትሪኖውን ፓውሊ በ1930 ሂሳቡ አልገጥም ሲለው በግምት አስገባው፣ በሙከራ የተያዘው ግን በ1956 ነው። ኒውትሮኑ ራሱ እኮ በ1932 ነው በቻድዊክ የተገኘው፣ ከራዘርፎርድ ኒውክሊየስ 21 ዓመት ዘግይቶ። ስለዚህ በአንድ ክፍለ ጊዜ አልገባኝም ብለህ አትዘን።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄጄ ሉሲን አሳየኋቸው። ትንሹ ልጄ «3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን ማን ቆጠረ?» አለኝ። በካርቦን ነው የሚለካው ብዬ መለስኩለት። ልክ ነኝ? ልጁ ነገር አይረሳም፣ ካልሆነ ከአሁኑ ይነገረኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአሁኑ ይንገሩት፣ በካርቦን አይደለም። የካርቦን-14 ሃፍ ላይፍ 5,730 ዓመት ነው፣ የሚያገለግለውም እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስለማይለካ። ለድንቅነሽ ብናሰላው 3.2 ሚሊዮን ሲካፈል ለ5,730፣ ከ550 በላይ ሃፍ ላይፍ ይመጣል። በግማሽ፣ በግማሽ፣ በግማሽ እያሉ 550 ጊዜ ይሂዱበት፣ መላ ምድር ካርቦን-14 ብትሆን እንኳን አንዲት አተም አትተርፍም።

የተለካው በፖታሲየም ነው፣ ደግሞ አጥንቷ አይደለም የተለካው፣ ሰው ብዙ ጊዜ ይሄን አያውቅም። በኅዳር 1974 (በእነሱ አቆጣጠር) ዶናልድ ጆሃንሰንና ጓዶቹ አፋር ሃዳር ላይ ሲያገኟት አካባቢው በድሮ እሳተ ገሞራ አመድ የተነባበረ ነው፣ አንዱ ንብርብር ከሌላው በላይ። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም ያለባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። ከፖታሲየም ውስጥ ጥቂቱ፣ 0.012 በመቶ ገደማ፣ ፖታሲየም-40 ነው፣ ሃፍ ላይፉ 1.25 ቢሊዮን ዓመት፣ ዲኬይ ሲያደርግ አብዛኛው ካልሲየም ይሆናል፣ ከአስሩ አንዱ ያህል ደግሞ አርጎን-40 ይሆናል። አርጎን ጋዝ ነው። ድንጋዩ ቀልጦ በእሳተ ገሞራ ሲወጣ የነበረው አርጎን ተንኖ ያመልጣል፣ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ሲቀዘቅዝና ክሪስታል ሲሆን ግን ከዚያ በኋላ የሚፈጠረው አርጎን መውጫ ያጣል፣ እዚያው ታስሮ ይጠራቀማል። ሳይንቲስቶቹ ክሪስታሉን በላቦራቶሪ አሙቀው የታሰረውን አርጎን ይለኩታል፣ ከፖታሲየሙ ጋር ያነጻጽሩታል፣ ዕድሜው ይወጣል። ከእሷ በታች ያለው አመድ ከእሷ ይቀድማል፣ ከላይ ያለው ከእሷ ያንሳል፣ እሷ በመሃል ናት። እንግዲህ ማን ቆጠረ ካለዎት፣ አርጎኑ ነው የቆጠረው ይበሉት።

ለልጁ አንድ ነገር ይጨምሩለት። ያው ፖታሲየም-40 እሱም ሰውነት ውስጥ አለ፣ ሙዝ ውስጥ፣ ድንች ውስጥ፣ የምንበላው ሁሉ ውስጥ ስላለ። አንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ በየሴኮንዱ 4 ሺህ ያህል የፖታሲየም አተሞች ዲኬይ ያደርጋሉ። ሙዝ መብላት ይቀንስ ይሆን ለሚል፣ አይቀንስም፣ ሰውነት የሚፈልገውን ፖታሲየም ይዞ ትርፉን በሽንት ያወጣል። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ አንድ በመቶ የሚጠጋ አርጎን አለ፣ እሱም ከሞላ ጎደል በሙሉ ምድር ውስጥ ካለ ፖታሲየም የመጣ ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ለጎብኚ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ቅጂዋ ነው፣ ይሄንንም ሳይጠይቅዎት ይንገሩት።

ጥያቄ፦ አልፋ በወረቀት ይቆማል፣ ጋማ ግን ወፍራም እርሳስ ይፈልጋል። ታዲያ አልፋ ከሁሉም አደገኛ ነው የሚል ጥያቄ መልሱ ትክክል ተብሎ አየሁ። የታተመው ስህተት ነው?

መልስ፦ «ከየት ሆኖ» የሚለው ጎድሎ ካልሆነ ስህተት አይደለም። አልፋ ከውጪ ሲመጣ አየሩ ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ሄዶ ያልቅበታል፣ ቆዳህ ላይ ቢደርስም ላይኛው የሞተ ቆዳ ይበቃዋል። የሚቆመው ግን ደካማ ስለሆነ አይደለም፣ ያለውን ኢነርጂ በሙሉ በአጭር መንገድ ላይ አራግፎ ስለሚጨርስ ነው። ያ አጭር መንገድ ህያው ሴል ላይ ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። በ2006 ለንደን ውስጥ አሌክሳንደር ሊትቪኔንኮ የሞተው አልፋ በሚረጭ ፖሎኒየም-210 ነው፣ በመጠጥ ነው የተሰጠው፣ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ አጠገቡ ቢቀመጥ ምንም ባላደረገው። ራዶንም እንደዚያ ነው፣ አፈርና ድንጋይ ውስጥ ካለው ዩራኒየም የሚመጣ ጋዝ ነው፣ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ስንተነፍሰው አልፋውን ሳንባ ላይ ይለቃል፣ ለሳንባ ካንሰር ከሲጋራ ቀጥሎ የሚጠራ ምክንያት ነው። ከተፈጥሮ ከምንቀበለው ጨረር ግማሽ ያህሉ የእሱ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ በተለይ ምድር ቤት የሚኖር ሰው ጠዋት ጠዋት መስኮት ይክፈት። ሲጋራውንም ይተው፣ ትምባሆ ውስጥ ራሱ ፖሎኒየም-210 አለ።

ጥያቄ፦ እኛ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የቴሌኮም አንቴና ተተክሏል። ነዋሪው ፊርማ እያሰባሰበ ነው፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ። አንተስ ትፈርማለህ? (ከልደታ)

መልስ፦ ለካንሰሩ ብዬ አልፈርምም። የሞባይል ሞገድም ጋማም ኤሌክትሮማግኔቲክ ናቸው፣ በዚህ ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን ከአተም ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኢነርጂ የሞባይሉ አንድ ፎቶን ካለው ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ነው። አንድ ሚሊዮን ፎቶን አብሮ ቢመጣም አይደመርም፣ ተባብረው አይነቅሉም፣ የሚያደርጉት ማሞቅ ነው፣ ማሞቁም አንቴናው ፊት ለፊት ካልቆማችሁ በስተቀር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጣሪያ ላይ ልብስ ልታሰጡ የምትወጡ ግን አንቴናው ፊት ለፊት አትቁሙ፣ አጥሩንም አትለፉ። ስለ ድምፁ፣ ስለ ጀነሬተሩና ስለ ኪራዩ ገንዘብ ከሆነ ፊርማው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን ተነጋገሩበት። እኔ እናንተን ብሆን የበለጠ የምጠነቀቀው ከቀትር ፀሐይ ነው፣ አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ አልትራቫዮሌቱን የሚያጣራልን አየር ስስ ነው። ከህዋ የሚመጣውም ጨረር እኛ ጋር ጅቡቲ ካለ ሰው ይበልጣል፣ ለዚያ ግን ፊርማ የሚቀበል የለም።

ጥያቄ፦ ቃሊቲ ዝንብ በጨረር እያመከኑ ይለቃሉ ሲባል ሰማሁ። እነዚያ ዝንቦች ከብቱን ሲነክሱ ጨረሩ ወደ ሥጋው አይገባም?

መልስ፦ አይገባም። ቃሊቲ ያለው ማዕከል የቆላ ዝንብ ያራባል፣ ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈውን። ወንዶቹ የኮባልት-60 ጋማ ይመታቸውና መካን ይሆናሉ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተወስደው ይለቀቃሉ። ሴቷ ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ስለምትገናኝ መካኑን ካገኘች ያለ ልጅ ትቀራለች። ዛንዚባር፣ ኡንጉጃ ደሴት ላይ የቆላ ዝንብ በ1990ዎቹ የጠፋው በዚሁ መንገድ ነው። ዝንቡ ጋማ ተቀብሏል እንጂ ውስጡ ኮባልት የለም፣ ላይ ለካዛንቺሷ እናት የመለስኩትን አንብበው፣ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሆቴል በር ላይ ቦርሳዬን ማሽን ውስጥ አስገቡት፣ ውስጡ የምሳ ዕቃዬ ነበረ፣ ምስር ወጥ። በልቼዋለሁ። ሰውየው ደግሞ እኔን ራሴን በዚያ በር አሳለፈኝ።

መልስ፦ በሩ ብረት መፈለጊያ ነው፣ ማግኔቲክ ፊልድ እንጂ ጨረር የለውም። ቦርሳው የገባበት ኤክስሬይ ነው፣ መግቢያና መውጫው ላይ የሚንጠለጠለው ከባድ ጥቁር መጋረጃ እርሳስ ያለበት ላስቲክ ነው፣ ለዚያ ነው እጅህን አስገብተህ ቦርሳ አትጎትት የሚሉህ። ምስሩ ምንም አልሆነም፣ ከማሽኑ በፊትም በኋላም ያለው ጨረር የራሱ ፖታሲየም ብቻ ነው።